ከጠመንጃው በፊት ጥይቱን ቁጠር

ልጄ፣ የላክህልኝን የጌም ንድፍ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። በ1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተዋጋነውን ጦርነት በስትራቴጂ ጌም ለመሥራት መነሣትህ በጣም አስደስቶኛል። ሥዕሎችህ ያማሩ ናቸው፤ የቤልጅጉ ጠመንጃ ሰደፍ፣ የጣሊያኑ ካርካኖ አፈሙዝ፣ የሳንጃው ማሰሪያ ሳይቀር ቦታ ቦታውን ይዟል። የመሣሪያ ሠንጠረዥህን ስገልጥ ግን ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ሦስት ዓምድ ብቻ አገኘሁ፦ ጉዳት፣ ርቀት፣ ፍጥነት። ዕድሜዬን ከጠመንጃ ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና የምልህን ስማኝ። የእግረኛ መሣሪያ ታሪካዊ እውነት መልኩ ላይ አያበቃም። ስንት ጥይት ነበረው? ስንት ሰው ያዘው? የያዘውስ ሰው ምን ያህል ሠልጥኖበት ነበር? ይህን የማይመልስ ጌም ጠመንጃውን ብሎን በብሎን ቢስለውም ጦርነቱን አይነግረንም።

1. አራተኛ ዓምድ ጨምርና “ጥይት” በለው።

በ1928 የዘመተው ጦራችን አንድ ዓይነት ጠመንጃ የታጠቀ አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ አዲስ ቤልጅግ ሲይዝ፣ ከየአውራጃው የከተተው ጦር የፈረንሳይ ውጅግራውንና ለቤሉን፣ ማንሊከሩን፣ የሩስያ በርዳኑን፣ ከአባቱ የወረሰውን ሁሉ አንግቶ ነው የመጣው። ቤልጅጉ 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል፤ ውጅግራው 11። ለቤልና ማንሊከር ሁለቱም 8 ሚሊ ሜትር ይባላሉ፤ ነገር ግን የቀለሃቸው ቅርጽ ስለሚለያይ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ኮምፒውተሩ ጥይትን ከጠመንጃ ጋር በሚሊ ሜትር ብቻ እንዲያዛምድ ካዘዝከው ከጅምሩ ይሳሳታል። ለእያንዳንዱ ጥይት የራሱን ስም ስጠው።

ይህ ለአዛዡ ምን ማለት እንደሆነ አስበው። ሺህ ሰው ያለው ባላምባራስ አምስት ዓይነት ጥይት ማስጫን አለበት። የውጅግራው ጥይት ተትረፍርፎ የለቤሉ ቢያልቅ፣ ለቤል የያዘው ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዱላ ነው የያዘው። በአንተ ጌም ግን ሁሉም እስኪሞት ድረስ ይተኩሳል።

የስዊድኑ ኩባንያ ፓራዶክስ የሠራውን ሃርትስ ኦፍ አይረን 4 እንደተጫወትከው አውቃለሁ። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1936 መባቻ ሲጀምር ኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር ጦርነት ላይ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ባይ ብለድ አሎን የተባለው ተጨማሪ ክፍልም ለአገራችን የራሷን መንገድ ሰጥቷታል። እዚያ ውስጥ አንድ የእግረኛ ሻለቃ 1,000 ሰውና 100 “የእግረኛ ትጥቅ” ይጠይቃል። ጠመንጃውም መትረየሱም ቦምቡም በዚያ አንድ ቁጥር ተጠቅልሏል። መላውን ዓለም በአንድ ሰሌዳ ለሚያሳይ ጌም ይህን አልነቅፍም፤ ሌላ ምርጫ የለውም። ከጠላት የተማረከ ጠመንጃ ግን ግምጃ ቤት እንደገባ ለሌላ ጦር ይታደላል፤ ጥይቱ ከየት ይመጣል የሚል የለም። አንተ የምትሠራው የአንድ አገርን አንድ ጦርነት ነው፤ ያንን ጥያቄ መዝለል አትችልም።

የጥይቱን መግቢያ በርም አሳይ። እ.ኤ.አ. በ1935 እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣሊያን በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር፣ ክልከላው በተግባር የጎዳው ጥይት ከባሕር ማዶ የምታስገባውን ኢትዮጵያን ነው። ተጫዋቹ ይህን ሲያነበው ሳይሆን ግምጃ ቤቱ ሲሟጠጥ ይወቀው።

ደግሞም በእኛ አገር ጥይት ገንዘብ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጎን ገበያ ይወጣበት ነበር። አንድ ጥይት ተኮሰ ማለት ከቤቱ ሀብት ላይ ቀነሰ ማለት ነው። በዝናሩ ላይ ያለውን ቆጥሮ የሚተኩስ ሰው ጠላት እስኪቀርብ ይጠብቃል፤ ከዚያም ጎራዴውን ይመዛል። የባዕድ ጸሐፊዎች በጭፍን መሮጥ አድርገው የጻፉት ብዙው ነገር ከዚህ ስሌት የመነጨ ነው። የጥይት ዓምድ ያለው ጌም ይህን ለተጫዋቹ ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ ያስተምረዋል፤ ተጫዋቹ ራሱ እንደ አባቶቹ መቆጠብ ይጀምራል። ለእኔ ከሥዕሉ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

2. ጠመንጃው የተሠራበትን ዓመት ሳይሆን እጅ የገባበትን ዓመት ጻፍ።

ስለ ዐድዋ የሚሠሩ ሰዎች ለጣሊያኑ ወታደር ካርካኖ ያስይዙታል። ካርካኖ በ1891 እ.ኤ.አ. ስለወጣና ጦርነቱ በ1896 ስለሆነ ሒሳቡ የገባ ይመስላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የነበረው የጣሊያን እግረኛ ግን በአብዛኛው የያዘው አሮጌውን ቬተርሊ ቪታሊ ነው፤ አራት ጥይት የሚጎርስ፣ ካርካኖው ሊተካው የመጣውን። መንግሥቱ የቆየውን የጥይት ክምችት መጨረስ ፈልጎ ነበር። በእኛም በኩል እንዲሁ ነው። በጉንደትና በጉራ ጦርነቶች ከግብፅ ጦር የተማረከው ሬሚንግተን ከሃያ ዓመት በኋላም ይተኮስ ነበር። ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው ውጅግራ ደግሞ ከ60 ዓመት በኋላ ማይጨው ዘምቷል።

በአውሮፓም ያው ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጌሞች የጀርመኑን አውቶማቲክ ጠመንጃ ሽቱርምገቬር 44 የሚያድሉበት ልግስና ያሳዝነኛል። የተሠራው 425,000 ገደማ ነው፤ በብዛት ግንባር የደረሰውም እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። መቀርቀሪያ እየሳቡ የሚተኩሱበት ካር 98 ግን ከ14 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ጀርመናዊው እግረኛ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ በአብዛኛው አምስት ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነበር።

3. ለሁሉም የአለቃውን መሣሪያ አታስይዝ።

ፊልሞች ኤም ፒ 40 የተባለውን አውቶማቲክ መሣሪያ ለጀርመኑ ሁሉ አከፋፈሉት፤ ጌሞችም ተከተሉ። አሥር ሰው ባለው የጀርመን ጓድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ኤም ፒ 40 የሚይዘው የጓዱ መሪ ነው። አንተም በንድፍህ አዲሱን ቤልጅግ ለሁሉም ተዋጊ ሰጥተሃል። ለክብር ዘበኛው ተወው። ከተራው የክተት ጦር ውስጥ ጦርና ጎራዴ ብቻ ይዞ የሄደም ነበር፤ እሱንም ሣለው። እሱን ከሰሌዳው ማውጣት ክብር መስጠት አይደለም።

4. ጠመንጃን ለብቻው አትመዝን፤ ጓዱን መዝን።

አሜሪካኖቹ 12 ሰው ባለው ጓዳቸው ጋራንድ የሚባል ስምንት ጥይት የሚጎርስ፣ መቀርቀሪያ መሳብ የማያስፈልገው ጠመንጃ ለሁሉም ማለት ይቻላል አደሉ፤ ባር የተባለው ባለ 20 ጥይት መሣሪያ ደጋፊያቸው ነበር። ጀርመኖቹ ግን ጓዱን የገነቡት በአንድ መትረየስ ዙሪያ ነው። ካር 98 የያዙት ሰዎች አንዱ ትልቅ ሥራቸው የመትረየሱን ሰንሰለት ጥይት መሸከምና ተኳሹን መጠበቅ ነበር። በሠንጠረዥህ ጋራንድን ከካር 98 ጋር ፊት ለፊት ብታቆመው ጋራንድ ያሸንፋል፤ ጓድን ከጓድ ብታጋጥም ውጤቱ ሌላ ነው።

መትረየስ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ጌም የሚወድቀው እዚህ ነውና። የጀርመኖቹ መትረየስ ኤም ጂ 42 በደቂቃ 1,200 ገደማ ጥይት ይተፋል። ባለ 250 ጥይት ሰንሰለት ሳያቋርጥ ቢለቀው በ12 ሰከንድ ተኩል ያልቃል፤ በርሜሉም ስለሚግል ወዲያው መቀየር አለበት። ስለዚህ ጥሩ ተኳሽ በአጭር በአጭሩ ነው የሚለቀው። የመትረየስ ትልቁ ሥራም የገደለው ሰው ቁጥር ውስጥ የለም። ሌላው እግረኛ ከጎን ዞሮ እስኪመጣ ድረስ የጠላትን ራስ መሬት ላይ አጣብቆ ማቆየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የካናዳው ኩባንያ የሬሊክ ሥራ ካምፓኒ ኦፍ ሂሮስ ይህን በሚገባ ይዞታል፤ መትረየስ ፊት ለፊት የሮጠ ጓድ መሬት ላይ ይለጠፋል፣ መንቀሳቀስም ያቅተዋል። ከእሱ አሥር ዓመት ቀድሞ የወጣው ክሎዝ ኮምባት ደግሞ የእያንዳንዱን ወታደር ጥይትና ፍርሃት ይቆጥር ነበር። ሥዕሉ ዛሬ ሲያዩት ያረጀ ነው፤ ስለ እግረኛ የሚያውቀው ነገር ግን ከብዙ አዳዲሶቹ ይበልጣል። ፈልገህ ተጫወተው።

5. ርቀትን ብታሳጥር አልቆጣህም፤ ምጥጥኑን ግን አታፍርስ።

የካር 98 ማነጣጠሪያ እስከ 2,000 ሜትር ተቆጥሯል፤ የኤም ፒ 40 ግን 100 እና 200 ብቻ ነው። ሰሌዳህ ጠባብ ስለሆነ ጠመንጃው ከአንድ መንደር ዳር እስከ ዳር ብቻ እንዲደርስ ብታደርግ ማንም ይረዳሃል። አጭሩ መሣሪያ የረጅሙን ግማሽ ርቀት የሚመታ ከሆነ ግን ዋሽተሃል።

6. ጭስን አትርሳ።

ውጅግራ በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ ነው። አንድ ጊዜ ስትለቀው ነጭ ደመና ከፊትህ ይቆማል፤ አንተ ዒላማህን አታይም፣ ጠላት ግን የት እንዳለህ ያያል። ጭስ አልባውን ባሩድ ለወታደር ጠመንጃ መጀመሪያ ያዋለችው ፈረንሳይ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1886ቱ ለቤል። በአንድ ጦር ውስጥ ሁለቱም ካሉ የሚደበቀውና የሚጋለጠው ሰው ይለያያል። ለጌም ሠሪ ይህ የተዘጋጀ ስጦታ ነው፤ እስካሁን በአግባቡ የተጠቀመበት ጌም አላየሁም።

7. እጁን ቁጠር።

እኔ በወጣትነቴ የሠለጠንኩት በጋራንድ ነው፤ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የዘመተበት ዓይነት። ስምንቱ ጥይት በአንድ የቆርቆሮ መያዣ ታቅፎ ከላይ ይገባል። በአውራ ጣትህ እስከ ታች ትጫነዋለህ፤ ጣትህን ፈጥነህ ካላነሣህ መዝጊያው ተወርውሮ ይመጣና ጥፍርህን ያጠቁረዋል። ጀማሪ ጣቱን ስለሚፈራ ቀስ ይላል፣ ቀስ ሲል ደግሞ መያዣው በደንብ አይቀመጥም። የለመደው ሰው ዓይኑን ከጠላት ሳያነሣ ያጎርሳል። ጠመንጃው አንድ ነው፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያየው ሁሉ “የመተኮስ ፍጥነት” ብሎ አንድ ቁጥር መጻፍ ይከብደዋል።

ክብር ዘበኛን የቤልጅግ መኮንኖች ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አሠልጥነዋል። የሆለታው ጦር ትምህርት ቤት ደግሞ በስዊድናዊው ቪኪንግ ታም መሪነት የተከፈተው ጣሊያን ሊወረን አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይቀረው ነበር። ዕጩ መኮንኖቹ ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጦር የሥልጠና ደረጃ ስጠው፤ የጠመንጃው ፍጥነትና ዒላማ ከዚያ ይቀዳ። የገጠሩ ተዋጊ ዝቅተኛ ደረጃ ብቻ ይገባዋል ብለህ ግን አትቸኩል። ከልጅነቱ አደን የለመደ ሰው በነጠላ ተኩስ ከብዙ ምልምል ይሻላል። የሚጎድለው በመቶና በሻለቃ ሆኖ አብሮ መንቀሳቀሱ ነው። ሁለቱን በሁለት ዓምድ ለያቸው።

8. ፎቶግራፍን ከማመንህ በፊት ዝናሩን እይ።

የድሮ ፎቶግራፍ ጥሩ ምስክር ነው፤ መጠየቅ ግን ያስፈልገዋል። አስፍተህ ክፈተው። ከቃታው ፊት ለፊት ወደ ታች የወጣ የጥይት ሳጥን ካለው ማንሊከር ወይም ካርካኖ ሊሆን ይችላል። ሆዱ ለጥ ያለና እንጨቱ ከሰደፍ እስከ ፊት አንድ ወጥ ከሆነ ማውዘር፣ ማለትም ቤልጅጉ ወይም ዘመዱ ነው። እንጨቱ መሐል ላይ በብረት ተቆርጦ ለሁለት የተከፈለና የፊቱ ክፍል ወፈር ያለ ከሆነ ለቤል ነው፤ ስምንቱ ጥይት በዚያ በፊተኛው እንጨት ውስጥ በተርታ ይተኛል። ቀጭን፣ ረጅምና ምንም ካዝና የሌለው ከሆነ ውጅግራን ጠርጥር።

ከዚያ ወደ ዝናሩ ውረድ። በዝናሩ ላይ የተሰካው ጥይት ወፍራምና አጭር ሆኖ ሰውየው ማውዘር ከያዘ፣ ጠመንጃው ለፎቶግራፉ ተብሎ የተሰጠው ሊሆን ይችላል። ሰው ፎቶግራፍ ሲነሣ ምርጡን ይዞ ነው የሚቆመው፤ ከአሥር ፎቶግራፍ ሰባቱ ላይ አዲስ ጠመንጃ አየሁ ብለህ ሰባ በመቶው ታጥቆ ነበር አትበል። ከፎቶው ጎን የጽሑፍ ምስክር አቁም። የሪቻርድ ፓንክረስት የጦር መሣሪያ ታሪክ ጥናቶች አሉ፤ ጦርነቱን በዓይኑ ያየው የለንደን ታይምስ ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲር የጻፈው አለ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት በእግርህ የምትደርስበት ቦታ ነው፤ ሂድ።

9. ለጠላትም እውነተኛውን መሣሪያ ስጠው፤ ከነጉድለቱና ከነብርታቱ።

ንድፍህ ውስጥ የጣሊያኑ ብሬዳ 30 ቀላል መትረየስ የማይሸነፍ ነገር ሆኗል። ብሬዳ 30 የሚጎርሰው 20 ጥይት ብቻ ነው። ካዝናው ከጎኑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንደሌሎቹ ነቅለህ ሌላ አትተካበትም፤ ገልጠህ ታጎርሰዋለህ። ጥይቱ እንዲወጣለት ዘይት ይቀባል፤ ዘይት ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። በትግራይ መንገድ አቧራ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። በሌላ በኩል ጥይቱ ከካርካኖው ጋር አንድ ነው፣ 6.5 ሚሊ ሜትር። ተኳሹ ሲያልቅበት ከጎኑ ካለው ወታደር ይወስዳል። ከእኛ አምስት ዓይነት ጥይት ጋር ስታስተያየው የኃይላቸው አንዱ ምንጭ ይታይሃል።

ታንክ ብለህ የሣልከውም ሲ ቪ 33 ሦስት ቶን ከምናምን የምትመዝን፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ የሚዞር ራስ የሌላት ተሽከርካሪ ናት። መትረየሶቿ ወደፊት ብቻ ነው የሚያዩት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ጦር እነዚህን ከጎንና ከኋላ ቀርቦ፣ ላያቸው ላይ ወጥቶ አሸንፏቸዋል። በአንተ ጌም ውስጥ ይህ ሊሆን አይችልም፤ ታንኩ በሁሉም አቅጣጫ ይተኩሳልና እግረኛም ሊጠጋው አልተፈቀደለትምና። የመሣሪያውን ትክክለኛ አሠራር ብታስገባ የአባቶችህ ድል ያለ ምንም ተጨማሪ ጉልበት ከሕጉ ውስጥ ራሱ ይወጣል። ለጀግና ጦር “የጀግንነት ነጥብ” መጨመር አያስፈልግህም፤ ያንን አጥፋው።

ከጣሊያኖቹ ጋር የተሰለፉትን የኤርትራ አስካሪ ወታደሮችንም አትዝለላቸው። በዐድዋም በ1928ም ነበሩ፤ መሣሪያቸውን፣ ሥልጠናቸውንና የሞቱትን ቁጥር እንደ ሌላው ሁሉ በጥንቃቄ መዝግብ።

10. የእግረኛው መሣሪያ ልክ መሆኑ የቀረውን ለመደበቅ አይዋል።

ሁሉንም ጠመንጃ አስተካክለህ የሰናፍጭ ጋዙን ከተውክ፣ ያስተካከልከው ነገር ራሱ ሐሰት ይሆናል። ጣሊያን ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ ከአውሮፕላን መርዝ አፍስሳለች፣ ዓለም አቀፍ ክልከላ ፈርማ እያለ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ክብር ዘበኛው በጥሩ ጠመንጃና በጥሩ ሥልጠና ተዋግቷል፤ ውጤቱን በጠመንጃ ሠንጠረዥ ብቻ ልታብራራው ብትሞክር ጥፋቱን በተዋጊው ላይ ትጥላለህ። ተጫዋቹ “የእኛ ሰዎች ለምን ተሸነፉ?” ሲል መልሱን ከሰማይ የመጣውን ጨምሮ ያግኝ። መርዙን ግን ተጫዋቹ እንደ አንድ ጥሩ መሣሪያ መርጦ የሚተኩሰው፣ ነጥብ የሚሰበስብበት አታድርገው። በዚህ አንድ ነገር ላይ የምልህ ምክር ብቻ ሳይሆን አደራም ጭምር ነው።

11. የተውከውን ጻፈው።

ሁሉንም ማስገባት አትችልም፤ ማንም አልቻለም። ጌሙ ውስጥ አንድ ገጽ ክፈትና ይህን አሳጥረናል፣ ይህን ቀይረናል፣ ምክንያታችን ይህ ነው በል። ርቀቱን ስንት እጥፍ እንዳሳጠርክ፣ የትኞቹን ጠመንጃዎች በአንድ እንደጠቀለልክ አሳውቅ። አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ታሪኩን መጀመሪያ የሚያየው ከአንተ ጌም ሊሆን ይችላል፤ ጨዋታው የቱ ጋ እንደሚያበቃ የማወቅ መብት አለው።

አሁን ሠንጠረዡን መልሰህ ክፈት። ከውጅግራው ጀምር፤ እያንዳንዱን ጠመንጃ በየረድፉ አስቀምጥ፤ የጥይቱን ስም፣ በአንድ ጊዜ የሚጎርሰውን ብዛት፣ ባሩዱ ጭሳም መሆን አለመሆኑን፣ ማን እንደያዘውና ጥይቱ በየት በኩል እንደሚገባ ሙላ። ቤልጅጉንና ለቤሉን ስትጨርስ ላክልኝ፤ ማንሊከሩን አብረን እናየዋለን፣ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ።